የጋሽ ሮቤል ዘጠና ስምንት

በ2075 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በአንድነት ትተነፍሳለች። አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ አራት መያዝ፣ ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት። ከሳቢያን እስከ መጋላ ሱቁን የሚከፍተውም፣ ልጁን የሚያለብሰውም ባለበት ይቆማል። ለሦስት ደቂቃ በከተማው የሚሰማው የዶሮና የውሻ ድምፅ ብቻ ነው፤ እነሱን እስካሁን የመዘገባቸው የለም። ከዚያ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይመለሳል።

ሶሊያና እነዚህን ሦስት ደቂቃዎች የምታሳልፈው በባቡሯ መሪ ክፍል ውስጥ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የከተማውን ባቡር ከሳቢያን መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን ስታመላልስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ፌርማታ አልፋ አታውቅም፣ ስለዚሁ ስትጠየቅም ትኮራለች። ከጆሮዋ ጀርባ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ተለጥፋባታለች። የቢሮ ስሟ ረጅም ነው። የድሬ ሰው ግን ባያት ቀን "ልጓም" አላት፣ በዚያው ቀረች።

የልጓም ሥራ የሸሸ ሐሳብ መመለስ ነው። ሰው ሲናደድ ሳብ ታደርጋለች፣ ሲፈራ ሳብ ታደርጋለች። አታምም። አጥብቃ የምትስበው ትዝታን ነው። ትናንትን የሚያስብ ሾፌር ዓይኑ ከመንገድ ይነሣል፣ ዓይኑ የተነሣ ሾፌር ሰው ይገጫል፣ ይህም በጥናት ተረጋግጧል ተብሏል። ስለዚህ በድሬ ወሬ ጀምሮ መሀል ላይ ማቆም እንደ ነውር አይታይም። አንዱ "ያኔ እኮ እናቴ..." ይልና ይተወዋል። የሚሰማውም "እሺ" ይለዋል፣ ስለ ሙቀቱ ይጨዋወታሉ። ለሾፌር፣ ለሐኪምና ለአስተማሪ ልጓም ግዴታ ነው። ሌላው በፈቃዱ ነው ይባላል፤ ግን ማን ከጎረቤቱ አንሶ ይታያል?

በየጠዋቱ የሶሊያና የስክነት ቁጥር፣ ከመቶ፣ በመሪ ክፍሉ መስታወት ላይ ይወጣል። ከሰባ በታች ከሆነ ባቡሩ አይነሣም። እሷ ደህና በዋለችበት ቀን ሰባ አራት ነች።

ሰኔ ሲጋመስ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከቁጥሯ ሥር ደብዳቤ ወጣ። የላከው የሰከነ አእምሮ ጽሕፈት ቤት ነው። የጥንት የዮጋ ጠቢባን የአእምሮን እንቅስቃሴ በአምስት እንደከፈሉት ያስረዳል፦ ትክክለኛ ዕውቀት፣ ስሕተት፣ ምናብ፣ እንቅልፍ፣ ትዝታ። አራቱ በአሁኑ ልጓም ተገርተዋል ይላል። አምስተኛው ግን እያስቸገረ ስለሆነ ከሐምሌ አንድ ጀምሮ የባቡር ሾፌሮች በሙሉ "ሙሉ ልጓም" ይደረግላቸዋል። ሙሉ ልጓም አንዴ ከገባ አይወጣም። የገባለት ሰው ያለፈውን አይረሳም፣ ግን ያለፈው ራሱ መጥቶ አይጎበኘውም። ቢገባላት ሶሊያና ባል እንደነበራት የምታውቀው፣ ሄዳበት የማታውቀውን አገር ዋና ከተማ ስም እንደምታውቀው ያህል ይሆናል። እስከ ዓርብ ትፈርም፣ አለዚያ ቁልፉን ታስረክብ።

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ያናደዳት ትእዛዙ አልነበረም፤ ትእዛዝ ለምዳለች። ያናደዳት ትምህርቱ የራሷ መሆኑ ነው። ልጓሟ ሳብ አደረገቻት፣ ባቡሩም ተነሣ።

ትምህርቱን የተማረችው በ2038 ዓ.ም.፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከዚራ ውስጥ ከአንድ ብረታ ብረት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ሰባት ተማሪዎች ነበሩ። ሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ ከሥር መዶሻ እየተንኳኳ፣ ስለ አእምሮ ጸጥታ ይማራሉ። አስተማሪያቸው ጋሽ ሮቤል ቀን ቀን የሒሳብ መምህር ነው። እሱ ደግሞ በልጅነቱ የተማረው ከቲቸር ናምቢያር ነው፤ ሒሳብ ሊያስተምሩ ከህንድ መጥተው፣ ድሬን ለምደው፣ ሳይመለሱ እዚሁ ካረጁ ሰውዬ።

ጋሽ ሮቤል እግር በማጠፍ ብዙም አይደነቅም ነበር። "ሰርከስ ያማራችሁ ሰርከስ ግቡ" ይላል። የእሱ ነገር ሌላ ነው። ሳትያ፣ ማለትም እውነት፣ የተማሩ ጊዜ የሰጣቸው የቤት ሥራ አንድ ነበር፦ ለአንድ ሳምንት ስልክ ላይ "መንገድ ላይ ነኝ" እንዳትሉ። አልጋ ላይ ከሆናችሁ አልጋ ላይ ነኝ በሉ። አቤት የዚያ ሳምንት መከራ! ሁለት ተማሪዎች ከጓደኛ ተጣሉ፣ አንዷ ከእጮኛዋ ተለያየች። አሂምሳን፣ አለመጉዳትን፣ ሲያስተምር ደግሞ የጠገበን እንግዳ "በሞቴ" ብሎ ማብላት ጉዳት ነው ወይስ አይደለም በሚል ሦስት ሳምንት ተከራከሩ። አንዱ ጫት የሚወድ ልጅ፣ ዮጊዎች የሚሉትን ጸጥታ እሱ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚያገኘው ተናገረ። ጋሽ ሮቤል አልተቆጣውም። "ጥሩ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት እንደሚሄድብህ ደግሞ አጥናልን" አለው።

ወደ አእምሮ እንቅስቃሴዎች ሲያልፍም አራቱን በዚሁ መልክ አስተማራቸው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ደብተሩን ዘጋ።

"ይህችን ፀጉራችሁ ሲሸብት ኑና እናወራባታለን" አለ። "አሁን ትዝታ የላችሁም፤ ምኑን ላስተምራችሁ?"

ከሰባቱ አንዱ ናሆም ነበር። ሶሊያና ናሆምን አገባችው፣ ሃያ አራት ዓመት አብራው ኖረች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በኅዳር ኩላሊቱ አስቸግሮት ሞተ። ልጓም በሾፌሮች ላይ ግዴታ የሆነው በዚያው ወር ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሥራ ገባች፣ ከጆሮዋ ጀርባ ለጠፉላት፣ ለቅሶዋም በዚያ አበቃ። አበቃ ማለት አይቻልም፤ ቆመ። ጋሽ ሮቤል ቤት መሄድም ተወች፣ በሩን ባየች ቁጥር ልጓሟ ስለምትስባት።

ፊቱን ግን በየቀኑ ታያለች። የባቡሩ ጎን ላይ ትልቅ ምስሉ ተለጥፏል። ሽማግሌው ፈገግ ብሎ ተቀምጧል፣ ከሥሩ "98" የሚል ቁጥር አለ። በከተማው ታሪክ ከፍተኛው ነው። እናቶች ለልጆቻቸው "እንደ ጋሽ ሮቤል ያድርግህ" ይላሉ።

ረቡዕ የዕረፍት ቀኗ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ድሬ ሙቀቱን ሸሽታ በምትተኛበት ሰዓት፣ እዚያው ሰፈሯ ከዚራ፣ ጋሽ ሮቤል ቤት ሄዳ በሩን አንኳኳች። ሸብታለች። የአምስተኛው ትምህርት አሁን ይገባታል። እፈርም ወይስ አልፈርም ብላ ልትጠይቀው ነው። እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነበር፤ ፈርሚ ቢላትስ? ጠቢባኑ አለመጨበጥን አስተምረዋል። የሞተ ባልን አሥራ አንድ ዓመት መጨበጥ ምን ይባላል?

"ማነው በዚህ ፀሐይ? አቦ፣ ሰው አይተኛም እንዴ!" አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ ረድኤት። ሶሊያና። የናሆም ሚስት።"

በሩ ተከፈተ። የጋሽ ሮቤል ባለቤት ቀጥነዋል፣ ዓይናቸው ግን የድሮው ነው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

"ሶሊ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እግርሽን ሰብረሽ ነበር?" አሉና አንገቷን አቅፈው ሳሟት። "ግቢ፣ ግቢ፣ ፀሐዩ ሳይጨርስሽ።"

ጋሽ ሮቤል ከኒሙ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነጭ ካናቴራ፣ የተበጠረ ሽበት፣ ጉልበቱ ላይ ያረፉ እጆች። ሶሊያና ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?"

"እግዜር ይመስገን፣ እመቤቴ። አንቺስ? ቤተሰብ ደህና?"

"ደህና ነው። ጋሼ፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው የመጣሁት። ሙሉ ልጓም እንዳደርግ ታዝዣለሁ።"

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነው ይላሉ? ናሆምን ልተወው ማለት እኮ ነው።"

"ጥሩ ነው" አለ ጋሽ ሮቤል እየሳቀላት። "ሁሉም ጥሩ ነው። ቤተሰብ ደህና?"

ሶሊያና ክው አለች። ዞር ብላ እትዬ ረድኤትን አየቻቸው። ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ስድስት ዓመቱ" አሉ። "መጀመሪያ ቁልፍ ነበር የሚረሳው። ያኔ ቁጥሩ ሰማንያ ነበር። የጎረቤት ስም ረሳ፣ ሰማንያ አምስት ገባ። የልጆቹን ስም ሲረሳ ዘጠና። በዘጠናው ከቢሮ አበባ ይዘው መጡ። ደርሰዋል አሉኝ። የት ነው የደረሰው ብላቸው ፎቶ አነሱትና ሄዱ።"

"ሐኪም አላያቸውም?"

"አይቶታል። ዕድሜ ነው ይላል። ዕድሜ ይሁን ይቺ ምስር ትሁን እኔ ምን አውቃለሁ? አንድ ነገር ብቅ ሊልበት ሲል ትስበዋለች። ሲስቡት፣ ሲስቡት፣ እሱም መምጣቱን ተወው መሰለኝ።" ድምፃቸው ተሰበረ። "እመቤቴ ነው የሚለኝ፣ ሶሊ። አርባ ስምንት ዓመት አብሬው ተኝቼ፣ እንደ እንግዳ ሰው እመቤቴ ይለኛል። ከተማው ደግሞ እንደሱ ያድርገን ይላል። እሱ ራሱ አልነበር እንዴ ያስተማራችሁ? ሻይ ሳቀርብላችሁ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ የሚበላ ያጣ ሰው ጾመኛ አይባልም ሲል። ምግቡ ፊቱ ቀርቦ የተወ ነው ጾመኛ። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምኑን ነው የጾመው? ምን ቀረበለት?"

 እፈርም ወይ ብላ የመጣችበት ጥያቄ አፏ ውስጥ ቀረ።

እትዬ ረድኤት አጥሩን አሻግረው አዩ። መንገዱ ላይ አንድ ሰው አልነበረም።

"ቁጭ በይ። ለማንም ግን እንዳትተነፍሺ።"

ጥፍራቸውን ቅባት አስነክተው ከባላቸው ጆሮ ጀርባ አስገቡና ልጓሟን ላጥ አደረጓት፤ የብርጭቆ ማስቀመጫ ላይ አኖሯት። ሩብ ሰዓት ይፈቀዳል አሉ፣ ለገላ መታጠቢያ። በየቀኑ ከተማው ሲተኛ ያወልቁለታል። አንዳንድ ቀን ያለቅሳል፣ አንዳንድ ቀን እናቱን ይጠራል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይቆጣቸዋል፤ ያን ቀን ደስታቸው ወሰን የለውም።

በመጀመሪያ ምንም አልሆነ። ቀጥሎ የጋሽ ሮቤል የእግር ጣቶች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ግንባሩ ተጨማደደ፤ ያ ምስሉ ላይ የሌለው የሒሳብ መምህር ግንባር። ዓይኑ ከዛፉ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ብርጭቆ ማስቀመጫው ዞረ።

"እዚህ ቤት ሻይ የሚባል ነገር ቀረ?" አለ በቁጣ።

እትዬ ረድኤት እንደ ልጃገረድ ሳቁ። "ይመጣልሃል፣ አቦ፣ አትጩህ።"

ከዚያ ሶሊያናን አያት። አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታም አየ። ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያ ልጅ ተኛ አይደል?"

"ማን፣ ጋሼ?"

"ያ ረጅሙ ነዋ! ቀስ ብለሽ ቀስቅሺው። አታስደንግጪው፤ ማታ ሥራ ነበረው።"

ናሆም በዚያን ዘመን ሲሚንቶ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ይሠራ ነበር። በትምህርቱ መጨረሻ ሁሉም በጀርባው ተንጋሎ ጸጥ በሚልበት ሰዓት እሱ እንቅልፍ ይወስደውና ያንኮራፋል፤ ከሥር መዶሻው፣ ከላይ ናሆም። ሌሎቹ በሳቅ ሲፈርሱ ጋሽ ሮቤል ማንም እንዳይነካው ይከለክላል። የመቀስቀሱ ሥራ የሶሊያና ነበር። የእግሩን አውራ ጣት ትቆነጥጠዋለች፣ እሱም ዓይኑን ሳይከፍት "ደረስኩ፣ መንገድ ላይ ነኝ" ይላል። ያን ጊዜ ገና አልተዋደዱም። የተዋደዱት በዚያ ጣት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት። ልጓሟ ሳበቻት። ሰሌኑ ከፊቷ ጠፋ፣ ኒሙ መጣ። እንደገና የናሆም እግር መጣ፣ እንደገና ሳበቻት። በሦስተኛው ሶሊያና እጇን ከጆሮዋ ጀርባ ላከች፤ ቅባትም አልጠበቀችም፤ ከነቆዳዋ ገነጠለቻት።

ከዚያ አለቀሰች። ደረቷን እየመታች፣ ስሙን እየጠራች፣ እንደ ሰው አለቀሰች። አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ የነበረው ለቅሶ ካቆመበት ቀጠለ። እትዬ ረድኤት ጎረቤት ይሰማል አላሉም፤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጠው አብረው አለቀሱ።

"ምን ሆነች ይቺ ልጅ?" አለ ጋሽ ሮቤል ደንግጦ።

"ናሆም ሞቶባት ነው፣ ሮቤል።"

"ናሆም? መቼ?"

"በኅዳር።"

"ሳልቀብረው?" ሽማግሌው ከወንበሩ ሊነሣ ሞከረ። "እኔ ሳልደርስ? ሰው ምን ይለኛል!"

"ቀብረኸዋል። ሬሳውን የተሸከምከው አንተ ነህ፣ ከፊት በቀኝ በኩል።"

ጋሽ ሮቤል የቀኝ ትከሻውን በእጁ ዳሰሰ። ጥቂት ቆይቶ እንባው ወረደ፣ አልጠረገውም።  ሶሊያና ሕመሙ ሊገድላት ደርሶ ነበር፤ ሆኖም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ ደህና ሆና አታውቅም።

ሩብ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ትዝ አላትና ጠየቀችው።

"ጋሼ፣ ስለ አምስተኛው ስትሸብቱ ኑ ብለውን ነበር። ሸበትኩ።"

ፀጉሯን አየው። "አዎ፣ ሸብተሻል።" ብዙ አሰበ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ የሆነ ነገር ሊይዝ እጁን ወደ ፊት ዘረጋ፣ እጁ ባዶውን ተመለሰ። "ረሳሁት፣ ልጄ" አለ። "አውቀው ነበር። ረሳሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

እንደዚያ ያለ ሐዘን በሰው ፊት ላይ አይታ አታውቅም። ዘጠና ስምንቱን ሁሉ ሰጥቶ ያቺን አንዲት መልስ ቢያገኝ የሚወድ ፊት ነበር።

እትዬ ረድኤት ምስሯን አነሱ። ቁጥሩ ከወረደ የቢሮው ሰዎች ወደ አረጋውያን ማረፊያ ቤት እንደሚወስዱት ተነግሯቸዋል። እጃቸውን ወደ ጆሮው ሲያስጠጉ ያዛቸው።

"ተይ፣ ረድኤት" አላቸው።

በስማቸው ጠራቸው። እትዬ ረድኤት ዓይናቸውን ጨፍነው ለጠፉለት። ትንሽ ቆየና ግንባሩ ተዘረጋ፣ እጁ ጉልበቱ ላይ ተመለሰ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ" አለ ፈገግ ብሎ።

ሐሙስ ሥራ ሳትገባ ውላ፣ ዓርብ ጠዋት ሶሊያና ሳቢያን ባቡር ጣቢያ ስትደርስ ከጆሮዋ ጀርባ ፋሻ ነበር። የፈረቃው ኃላፊ ያብስራ ቅጹን አዘጋጅቶ ጠበቃት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጨዋ ልጅ ነው።

"እማማ ሶሊያና፣ አንድ ፊርማ ናት እኮ። ያነበቡት መሰለኝ።"

"አንብቤዋለሁ። ፈቅጄ፣ ሰክኜ፣ በደስታ ይላል። ሦስቱም ውሸት ነው፣ የኔ ልጅ።"

"ሁሉም የሚፈርመው እንደዚያው ነው።"

"አውቃለሁ።" ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እጇ ቶሎ አልለቀቀውም፤ ያብስራም አየ።

"ባቡሯን ይወዷታል" አለ።

"እወዳታለሁ። አንጀቴ ነው የሚቆረጠው።"

"ታዲያ ለምን?"

"እሷን ብተዋት ትናፍቀኛለች። እሱን ብተወው ግን መናፈቁም ይቀራል። ልዩነቱ ገባህ?"

ያብስራ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ለቅጽበት ሩቅ ሄደ፣ ተመለሰም። "እሺ" አለ። "ዛሬ ሙቀቱ ይበረታል ይላሉ።"

ወጥታ በመጀመሪያው ባቡር እንደ ማንኛውም ሰው በኋላ በር ተሳፈረች። የሚነዳው የማታውቀው ሰው ነው፤ ፍሬን አያያዙ አልጣማትም። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ የምታውቀው መንገድ በፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ሲያልፍ ማየት እንግዳ ሆነባት። ናሆም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራ ሲፈታ በየጠዋቱ ይሳፈር ነበር፤ የሚሄድበት ኖሮት አይደለም። ከመሪ ክፍሉ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጥና ዮጊ ነኝ እያለ ትንፋሹን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ አራት ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል፣ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ተሳፋሪው አብሮት መቁጠር ይጀምራል፣ እሷ በመስታወቱ ታየውና "ወይ ጉዴ" ትላለች። አንድ ቀን የደቻቱ ድልድይ ላይ ባቡሩ ሙሉ ሰው እስከ ሃምሳ ድረስ አብሮት ቆጠረ። ሶሊያና ይህን አስታውሳ ድምፅ አውጥታ ሳቀች፣ ስትስቅም እንባዋ መጣ። ፊት ለፊቷ የተቀመጠች ሴት አየቻት፣ የሴትዮዋ ልጓም ሳትስባት አልቀረችም፣ ወዲያው ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ቤቷ ከዚራ ነው። ከዚራ በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ደቻቱም ታለፈ። ሶሊያና ከናሆም ጋር እየቆጠረች ገና ሃያ ላይ ነበረች።

"እማማ፣ መጨረሻው ነው፤ መጋላ ደርሰናል" አላት ሾፌሩ።